«ለኮምፒውተሬ ውሃ ግዙልኝ»

ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ፈተና ባለቀ ማግስት፣ ወይም ዱባይ ያለች አክስት ልትመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነው። ልጁ ስልኩን ይዞ ይመጣና ፎቶ ያሳያል፦ ጎኑ መስታወት የሆነ የኮምፒውተር ሳጥን፣ በውስጡ ሰማያዊና ሐምራዊ ፈሳሽ የሚመላለስባቸው ቱቦዎች፣ ዙሪያውን የሚያበሩ ማራገቢያዎች። «ይሄኛው ውሃ ያለው ነው» ይላል። አያት ከተቀመጡበት ቀና ይሉና ቤቱ ሁሉ የሚያስበውን ይጠይቃሉ፦ «ውሃና መብራት አንድ ላይ?»

የአያት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እንመለስበታለን። ከዚያ በፊት ግን ወላጅ ማወቅ ያለበት ልጁ «ውሃ ያለው» ሲል በጣም የሚለያዩ ሁለት ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራ መሆኑን ነው። አንደኛው ፈሳሹ ከፋብሪካ ተሞልቶና ታሽጎ የሚመጣ ዝግ ማቀዝቀዣ ነው፤ ልጆቹ «ኤአይኦ» ይሉታል። ሁለተኛው ፓምፑ፣ ቱቦው፣ ራዲያተሩና የውሃ ማጠራቀሚያው ለየብቻ ተገዝቶ ቤት ውስጥ በእጅ የሚገጣጠም ነው፤ እነሱ «ከስተም ሉፕ» ይሉታል፤ እኛ «በልክ የሚሠራ» እንበለው። ልዩነታቸው ከሱቅ ተሰቅሎ በሚገዛ ኮትና ልብስ ሰፊ ዘንድ ተለክቶ በሚሰፋ ኮት መካከል ያለው ነው። የተሰፋው የበለጠ ሊያምር ይችላል። ነገር ግን ሰፊው ጎበዝ መሆን አለበት፤ ሲቀደድም የሚኬደው ወደ እሱ ነው። እዚህ ላይ ሰፊው የ17 ዓመት ልጅዎ ነው።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ «አይሆንም» ይዘጋ ነበር። ነገር ግን ዛሬ በብዙ ቤት ያ ሳጥን ከፍሪጁ ቀጥሎ ያለ ውድ ዕቃ ነው፤ አንዳንድ ቤት ከፍሪጁም ይበልጣል። የሥነ ሕንፃ ተማሪዋ ዲዛይኗን የምትሠራው በእሱ ነው። ወንድሟ የሰርግ ቪዲዮ እያቀናበረ ኪሱን የሚደጉመውም በእሱ ነው። ጥቂት ፈሳሽ ያለ ቦታው ቢንጠባጠብ የሚጠፋው የብዙ ወራት ቁጠባ ነው፤ አንዳንዴም ሊደርስ ሁለት ቀን የቀረው የደንበኛ ሥራ።

ለመሆኑ ለምን ይሞቃል?

የኮምፒውተር አንጎል የምንለው ፕሮሰሰር ሲሠራ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ የወሰደው ኤሌክትሪክ ማለት ይቻላል በሙሉ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለቤትና ለትምህርት ከበቂ በላይ የሆነው የኤኤምዲ ራይዘን 5 7600 የሚመደበው በ65 ዋት ደረጃ ነው። ከኃይለኞቹ አንዱ የሆነው የኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ ግን ሲጨናነቅ እስከ 253 ዋት ይወስዳል። ድሮ ሳሎን የምንሰቅለውን የ100 ዋት አምፖል ያስታውሱ፤ ከበራ በኋላ በእጅ አይነካም። የሁለት አምፖል ተኩል ሙቀት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ በማይሰፋ ቁራጭ ላይ ተሰብስቦ ማለት ነው። ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ደግሞ የራሱ ሙቀት አለው፤ የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 ለብቻው 450 ዋት ነው የሚመደብለት።

ይሁንና ዘመናዊ ፕሮሰሰር ስለሞቀ ብቻ ዝም ብሎ አይቃጠልም። ያ አይ9 ገደቡ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ራይዘን 7000 የሚባሉት አብዛኞቹ 95 ናቸው። ገደባቸው ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ከዚያም ካለፈ ማሽኑ ይጠፋል። ስለዚህ ልጅዎ «ካልተገዛልኝ ይቃጠላል» ካለዎት እያጋነነ ነው። «ይዘገይብኛል» ካለ ግን እውነት ሊሆን ይችላል፤ እውነት መሆኑንም ማረጋገጥ ይቻላል።

ማረጋገጫው ገንዘብ አይጠይቅም። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳዩ በነፃ የሚወርዱ ፕሮግራሞች አሉ፤ «ኤችደብልዩ ኢንፎ» የሚባለው በሰፊው የታወቀ ነው። ልጁ የዘወትር ከባድ ሥራውን ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራና ቁጥሩን ያሳይዎት፤ ቪዲዮም ከሆነ ቪዲዮ፣ ጨዋታም ከሆነ ጨዋታ። 70 ወይም 80 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ምንም ችግር የለም። ገደቡ ላይ ደርሶ ፍጥነቱን እየቀነሰ ከሆነ ፕሮግራሙ ይህንንም ለይቶ ያሳያል። ሁለት ሦስት ዓመት ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ ከግዢው በፊት ሳጥኑ ይከፈት። የአዲስ አበባ አቧራ የማራገቢያውንና የብረት ክንፎቹን መካከል እንደ ጥጥ ሞልቶት ያገኙታል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባትም ይደርቃል። በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳትና አዲስ ቅባት መቀባት ብዙ ጊዜ «ውሃ ያስፈልጋል» የተባለውን ጥያቄ እዚያው ይዘጋዋል። ሲያጸዱ ማራገቢያውን በጣት ይዞ ማቆም እንጂ በንፋስ መሣሪያ ማሽከርከር አይገባም።

ውሃው ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው ውሃው ኮምፒውተሩን እንደ ፍሪጅ የሚያቀዘቅዘው ይመስለዋል። አይደለም። የመኪና ራዲያተር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፦ ውሃ ከሞተሩ ሙቀት ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ እዚያ ንፋስ ይወስድለታል፤ ተመልሶ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ውስጥም እንዲሁ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ሳህን ይቀመጣል፤ ፈሳሹ በሳህኑ ውስጥ ያልፋል፤ በቱቦ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ ማራገቢያዎች ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይነፉታል። ውሃ በኪሎ ሲመዘን ከአየር አራት እጥፍ ያህል ሙቀት ይሸከማል፤ ጥቅሙ ይህ ነው። ሙቀቱን ከጠባብ ቦታ አንስቶ ሰፋ ወዳለ ራዲያተር ያደርሰዋል። ነገር ግን በመጨረሻ የሚረከበው የክፍሉ አየር ስለሆነ ፈሳሹ ከክፍሉ ሙቀት በታች ሊወርድ አይችልም። ድሬዳዋ ውስጥ ክፍሉ 35 ዲግሪ ከሆነ ውሃውም ቢያንስ 35 ነው።

እኛ አገር የራሳችን ጉዳይም አለን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እንጦጦ ስንወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረን ሁሉ ማራገቢያውም በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። በኢንተርኔት የሚታዩት የሙቀት ንጽጽሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነውና ቁጥራቸው እኛ ዘንድ እንዳለ አይሠራም። አንዳንድ ልጆች ይህን ይሰሙና «ስለዚህ ውሃ ይሻላል» ይላሉ። ራዲያተሩም ያንኑ የሳሳ አየር ነው የሚጠቀመው። የከፍታው ጉዳይ ለሁሉም እኩል ዕዳ ነው፤ የሚያካክሰው ደግሞ የአዲስ አበባ ክፍል ራሱ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው።

ልጁ በፎቶ ያላሳየዎት

ከሁለቱ በፊት መነሳት ያለበት አንድ ሌላ ምርጫ አለ። ስለማያበራና ስለማያምር ፎቶው ለወላጅ አይታይም፦ ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ። የመዳብ ቧንቧዎችና ብዙ ቀጫጭን የብረት ክንፎች ያሉት፣ አንድ ወይም ሁለት ማራገቢያ የታሰረበት ጡብ የሚያህል ብረት ነው። የኦስትሪያው ኖክቱዋ የሚያመርተው ኤንኤች ዲ15 ለምሳሌ ቁመቱ 165 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከማራገቢያዎቹ ጋር 1.3 ኪሎ ነው። ከእሱ እጅግ የሚረክሱ፣ ውጭ አገር ከ40 ዶላር በታች የሚሸጡና ሥራቸው ብዙም የማያንስ አሉ። በተለመደ ፕሮሰሰር ላይ በጥሩ አየር ማቀዝቀዣና በመካከለኛ ዝግ የውሃ ማቀዝቀዣ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ሥራው ላይ አይታወቅም።

የዚህ ዕቃ ትልቁ ጸጋ የሚበላሽ ነገሩ ማራገቢያው ብቻ መሆኑ ነው። ማራገቢያ ደግሞ መርካቶ ይገኛል፤ በአሥር ደቂቃ ይቀየራል። ብረቱ ኮምፒውተሩን ራሱን አልፎ ለሚቀጥለው ይተርፋል። ጉዳቱ ክብደቱ ነው፤ ቤት ሲቀየር ሳጥኑ ተጋድሞ መጓዝ አለበት፤ ካልሆነ በኮረኮንች መንገድ ላይ ማዘርቦርዱን ይጎትተዋል። ሳጥኑ ጠባብ ከሆነም ላይገባ ይችላል። ለአብዛኛው ቤተሰብ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ መልሱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የተረፈው ገንዘብ ዩፒኤስ ይገዛበት። መብራት በድንገት በሚሄድበትና ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት ቤት ኮምፒውተሩን ከሙቀት ይልቅ የሚጎዳው እሱ ነው።

ነገር ግን አየር የማይበቃበት ጊዜ አለ። ልጅዎ ከላይ እንደጠቀስነው ዓይነት ኃይለኛ ፕሮሰሰር ካለውና ለሰዓታት ሙሉ ጉልበቱን የሚጠይቅ ሥራ ከሠራበት ውሃ ትርጉም ይኖረዋል። የቪዲዮ ማቀናበርና የአኒሜሽን ሥራ እንደዚያ ነው። ሳጥኑ ትንሽ ሆኖ ትልቁ ብረት ካልገባም እንዲሁ።

ታሽጎ የሚመጣው

ዝግ ማቀዝቀዣን በሰፊው ገበያ ላይ ካወጡት መካከል ግንባር ቀደሙ አሴቴክ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ኮርሴር በራሱ ስም ለገበያ ያቀረበውን ኤች50 የሠራውም እሱ ነው። ዛሬ የብዙ ኩባንያ ምርት አለ። የሚለዩት በራዲያተራቸው ርዝመት ነው፦ 120፣ 240፣ 280፣ 360 ሚሊ ሜትር እየተባሉ። የ120ውን ለመግዛት ምክንያት አይታየኝም፤ በዚያ ዋጋ የሚገኝ የአየር ማቀዝቀዣ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ይሠራል። ለኃይለኛ ፕሮሰሰር 240 ጥሩ መነሻ ነው፤ 280 ወይም 360 ማራገቢያዎቹ በዝግታ እየዞሩ ጸጥ እንዲሉ ያስችላል። ዋጋው ውጭ አገር ከ100 ዶላር በታች ይጀምርና ከ200 በላይ ይደርሳል፤ ጭማሪው በብዛት የሚሄደው ለመብራቱና ፓምፑ ላይ ላለችው ትንሽ ስክሪን ነው። ስክሪኗ ምንም አታቀዘቅዝም።

በውስጡ ያለው ነገር ቀላል ነው። ፓምፑ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ላይ በሚቀመጠው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለት የጎማ ቱቦዎች ወደ ራዲያተሩ ይሄዳሉ። ፈሳሹ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ዝገት የሚከላከል ነገር ተቀላቅሎበታል። ምክንያቱም ራዲያተሩ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም፣ ሳህኑ ደግሞ መዳብ ነው፤ ሁለቱ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። መድኃኒቱ ይህን ለዓመታት ያዘገየዋል።

ማወቅ የሚገባው ትልቁ ነገር ዝግ ማቀዝቀዣ ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። ፈሳሹ ሳይንጠባጠብ በጎማው ውስጥ በጣም በጥቂቱ እየተነነ ይወጣል፤ ቦታውን አየር ይይዛል። ከዓመታት በኋላ ማሽኑ ሲበራ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ይሰማል። ፓምፑ ያረጃል፤ ቀጫጭኑ መተላለፊያ በዝቃጭ ይደፈናል። ጥሩዎቹ ኩባንያዎች አምስት ወይም ስድስት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ የአርክቲክ ሊኩዊድ ፍሪዘር 3 ለምሳሌ ስድስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠገን አይደለም፤ ሙሉው ተነቅሎ ይጣላል። በማራገቢያው ብቻ ከሚያረጀው የአየር ማቀዝቀዣ ጋር ሲወዳደር ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ዋስትናው ደግሞ ዕቃው በተገዛበት አገር ነው። ፓምፑ በሦስተኛው ዓመት ቢቆም ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ድረስ ማን ይመልሰዋል? አዲሱስ እስኪመጣ ልጁ በምን ይሠራል? ለዚህ የሚበጀው ዘዴ ቀላል ነው፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣውን ወይም በፊት የነበረውን የአየር ማቀዝቀዣ ከነብሎኑ በካርቶን አድርጎ ቁም ሳጥን አናት ላይ ማስቀመጥ። ፓምፑ የቆመ ቀን ያ ካርቶን ከወርቅ ይበልጣል። ደረሰኙም እዚያው ይግባ።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ልጆች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማሸጊያው ውስጥም ትንሽ አየር አለ። ፓምፑ ከራዲያተሩ በላይ ከሆነ አየሩ ፓምፑ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ፓምፑ ይጮሃል፤ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ራዲያተሩ በሳጥኑ ጣሪያ ላይ፣ ወይም ፊት ለፊት አናቱ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ይሠር። ራዲያተሩ ሳጥኑ ወለል ላይ ከታየዎት «ለምን እዚያ?» ብለው ይጠይቁ። ቴክኒሺያንም ቢሆን መጠየቅ አይከፋውም።

በእጅ የሚገጣጠመው

በልክ የሚሠራው ሌላ ዓለም ነው። ፓምፕ ለብቻ፣ ማጠራቀሚያ ለብቻ፣ አንድ ወይም ሁለት ራዲያተር፣ ለፕሮሰሰሩ አንድ የመዳብ ሳህን፣ ለግራፊክስ ካርዱ ሌላ ሳህን፣ ቱቦ፣ ከአሥር የማያንሱ መገጣጠሚያዎች፣ ፈሳሽ። መገጣጠሚያዎቹ ትንሽ ይመስላሉ፤ ሲደመሩ ግን የአንድ ራዲያተር ዋጋ ያልፋሉ። ጠቅላላው ብዙ መቶ ዶላር ነው፤ ጎማ ሳይሆን ጠጣር ፕላስቲክ ቱቦ ከተመረጠ ደግሞ በሙቀት እየታጠፈ የሚቀረጽ ስለሆነ የሚበላሸው ቱቦም አብሮ ይታሰብ። ለጀማሪ ለስላሳው ቱቦ ይሻላል፤ ፎቶ ላይ አያምርም፤ ስህተት ግን ይቅር ይላል።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። ግራፊክስ ካርዱንና ፕሮሰሰሩን በአንድ ዑደት ያቀዘቅዛል፤ ሰፊ ራዲያተር ካለው ማራገቢያዎቹ የሚሰሙ አይመስሉም። ድምፅ ለሚቀርጽ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፓምፑ ቢበላሽ ፓምፑ ብቻ ይቀየራል፤ ሙሉው አይጣልም። መሐንዲስ መሆን ለሚመኝ ልጅ ደግሞ ያን ሁሉ መለካት፣ መቁረጥ፣ ማቀድና መፈተሽ እውነተኛ ትምህርት ቤት ነው። ይህን የምለው እንዲሁ ለማባበል አይደለም። አንድ ልጅ በአንድ ቅዳሜ ስለ ብረት፣ ስለ ፍሰትና ስለ ትዕግሥት የሚማረው ከብዙ ሳምንት ክፍለ ጊዜ ሊበልጥ ይችላል።

ዕዳው ከግዢው በኋላ ነው የሚመጣው። ፈሳሹ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል መፍሰስ፣ መታጠብና መቀየር አለበት። ቀለም ያለው ፈሳሽ ሲቆይ ዝቃጩ ይቀመጥና ቀጫጭኑን መተላለፊያ ይደፍናል፤ ጸረ ሕዋስ ካልተጨመረበት አረንጓዴ ነገር ያበቅላል። የቧንቧ ውሃ በፍጹም አይገባበትም፤ ማንቆርቆሪያችን ሥር የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያስቡ፤ ያው እዚያ ውስጥ ይጋገራል። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለው፤ አምቦ ውሃማ አይታሰብም። የሚያስፈልገው የተጣራ ውሃ ከጸረ ዝገትና ከጸረ ሕዋስ ጋር፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ውሃ የሚጠቀሙ አሉ፤ ሱቁ ግን ከጎኑ የባትሪ አሲድም ይሸጣል፤ ሁለቱ በስህተት ቢለዋወጡ የሚደርሰው ጉዳት በኮምፒውተር አያበቃም። ጽሑፉ በግልጽ ያልተነበበ ጠርሙስ ቤት አይግባ።

ሌላው ዕዳ ዕቃ ሲቀየር ነው። የግራፊክስ ካርዱ ሳህን የሚገጥመው ለአንድ የካርድ ሞዴል ብቻ ነው፤ ልጁ በሁለተኛው ዓመት አዲስ ካርድ ከፈለገ ሳህኑ ከካርዱ ጋር ይሰናበታል። ራዲያተርና ሳህን ከተለያየ ቦታ ሲለቃቀም አንዱ አሉሚኒየም ሌላው መዳብ እንዳይሆንም ይጠንቀቁ፤ በዝግ ማቀዝቀዣ ፋብሪካው የተቆጣጠረውን ዝገት እዚህ የሚቆጣጠር የለም።

ስለዚህ ልጁ በልክ የሚሠራውን ከፈለገ አስተያየቴ ይህ ነው፤ መጀመሪያ በማይፈለግ አሮጌ ማሽን ላይ ይሥራው። ከዚህ በፊት ኮምፒውተር ገጣጥሞ የማያውቅ ልጅ በዚህ አይጀምርም። ለትምህርት ወይም ለገቢ ሥራ የሚውለው ማሽን ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ከሆነም አይሆንም፤ ቱቦው በፈተና ሳምንት ማንጠባጠብ ቢጀምር መጠባበቂያ የለም። ከወጪውም የተወሰነውን ከራሱ ገንዘብ ያውጣ፤ ለየካቲት ማጠብ እንዳለበት ማን እንደሚያስታውሰው ያኔ ይታወቃል።

ወደ አያት ጥያቄ

ያፈሳል ወይ? አዎ፣ ሊያፈስ ይችላል፤ ትልቅ ፋብሪካ የሠራውም ጭምር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ባለ 2.5 ጊጋኸርትዝ ፓወር ማክ ጂ5 ላይ የታሸገ የውሃ ማቀዝቀዣ ገጥሞ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ከእነዚያ ማሽኖች አንዳንዶቹ ማፍሰስ ጀምረው ማዘርቦርዳቸውን ጎድተዋል። የዛሬዎቹ ዝግ ማቀዝቀዣዎች በጣም ተሻሽለዋል፤ ማፍሰስ እምብዛም አይታይባቸውም፤ ከማፍሰስ ይልቅ ፓምፕ ማቆም ነው የሚበዛባቸው። በእጅ በተገጣጠመው ላይ ግን አንድ በደንብ ያልጠበቀ መገጣጠሚያ ይበቃል።

የሰውን ደህንነት በተመለከተ፣ በሳጥኑ ውስጥ ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ የሚሠሩት በ12 ቮልትና ከዚያ በታች ነው። የሚያስፈራው የግድግዳውን 220 ቮልት የሚቀበለው ፓወር ሰፕላይ ነው። ስለዚህ በእጅ የተገጠመ ማቀዝቀዣ የመጀመሪያውን ቀን የሚያልፈው በፈተና ነው፦ ኮምፒውተሩ ራሱ ሳይበራ ፓምፑ ብቻ ለ24 ሰዓት ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሥር ነጭ ሶፍት ይነጠፋል። ሶፍቱ ላይ አንዲት ጠብታ ከታየች ሥራው ከመጀመሪያው ይታያል። «ትንሽ ናት» አይባልም።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ፈሳሽ ከታየ ለመጥረግ እጅ አይገባም። መጀመሪያ ሶኬቱ ከግድግዳ ይነቀላል። ከዚያ ሳጥኑ ይከፈታል፤ ፈሳሹ በሶፍት ይመጠጣል፤ ፓወር ሰፕላዩ የረጠበ ከመሰለ አይከፈትም፤ ወደ ባለሙያ ይሄዳል። ሌላው ክፍል ተነቃቅሎ ለብዙ ቀን በንፋስ ይደርቃል። «በርቶ እንየው» የሚለው ጉጉት ነው ብዙውን ዕቃ የሚገድለው።

ዘመድ ከውጭ የሚያመጣ ከሆነ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይላክለት፦ የፕሮሰሰሩ ሶኬት ስም፣ ለምሳሌ ኤኤም5 ወይም ኤልጂኤ1700፣ እንዲሁም ሳጥኑ የሚቀበለው የራዲያተር ርዝመት። ሳጥኑን የሠራው ኩባንያ ይህን በመመሪያው ላይ ይጽፈዋል፤ ግን ማራገቢያው ራሱ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስለሚጨምር ልጁ በሜትር ለክቶ ያረጋግጥ። ዝግ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ስላለው በእጅ ቦርሳ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ፣ በራሱ ካርቶን ይምጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት። ከእነዚህ ፈሳሾች አንዳንዶቹ በመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን ኤቲሊን ግላይኮል ይይዛሉ። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ መርዝ ነው፤ ቀለሙም እንደ ለስላሳ መጠጥ ሰማያዊ ወይም ቀይ ነው። የተረፈውን በሃይላንድ ቀድቶ ኩሽና ማስቀመጥ በፍጹም አይደረግም። በራሱ ጠርሙስ፣ ጽሑፉ ሳይላጥ፣ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በዓመቱ ሲቀየር የሚወጣውም ለድመትና ለውሻ በሚደርስ ገንዳ አይደፋ። ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ ምልክት እስኪያሳይ አይጠበቅም፤ ጠርሙሱን ይዞ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ነው።